የተተዉ የሙቀት መለኪያዎችን ወደ ዛሬዎቹ መለወጥ፦ ከዝግጅት እስከ ማጣራት

በአንድ የቆየ የጉዞ ማስታወሻ ውስጥ «ሌሊቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆኖ አደረ» የሚል ዐረፍተ ነገር ያገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ቀመር ነው። ቀመሩ አይጠፋም፤ ስሌቱም ከባድ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ደጋግሞ ይሳሳታል። ስሕተቱ የሚገባው በማባዛትና በማካፈል ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው፤ ቁጥሩ የየትኛው መለኪያ እንደሆነ፣ ዲግሪው ሲያድግ የሚጨምረው ሙቀት ይሁን ብርድ፣ የተጻፈውም የቴርሞሜትር ንባብ ይሁን የሁለት ንባቦች ልዩነት ሳይጣራ ወደ ስሌት ሲገባ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ዝግጅት

ካልኩሌተሩን ገና አይንኩ። በመጀመሪያ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ከምንጩ ላይ አውጥተው በወረቀት ይጻፉ።

1. ቁጥሩን፣ የመቀነስ ምልክት ወይም «ከዜሮ በታች» የሚል ቃል ካለው ከነምልክቱ።
2. ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ፊደል ወይም የመለኪያ ስም፣ ሳያሳጥሩና ሳያስተካክሉ።
3. ንባቡ የተወሰደበትን ዓመትና አገር። መጽሐፉ የታተመበት ዓመት ሌላ ሊሆን ስለሚችል አያምታቱት።
4. በዙሪያው ያለውን ዐውድ፦ ወቅቱ በጋ ነው ወይስ ክረምት፣ ወንዝ ረግቷል ወይስ ይፈስሳል፣ የሚለካው አየር ነው፣ ውኃ ነው ወይስ የቀለጠ ብረት።

አራተኛውን ብዙዎች እንደ ትርፍ ሥራ ያዩታል። እንደ እኔ ግን ከአራቱ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው፤ መለኪያው ያልተጠቀሰበትን ቁጥር የሚያስለየው ሌላ ምንም የለምና።

ቀጥሎ ይህን ሠንጠረዥ ይገልብጡ። በእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያው ቁጥር በረዶ የሚቀልጥበት፣ ሁለተኛው ውኃ የሚፈላበት፣ ሦስተኛው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት ነው።

ሴልሺየስ፦ 0 | 100 | 100
ፋራናይት፦ 32 | 212 | 180
ሬኦሙር፦ 0 | 80 | 80
ሮመር፦ 7.5 | 60 | 52.5
ዴሊል፦ 150 | 0 | −150
ኒውተን፦ 0 | 33 | 33
ኬልቪን፦ 273.15 | 373.15 | 100
ራንኪን፦ 491.67 | 671.67 | 180

ጥንቃቄ፦ በዴሊል መስመር ላይ ያለው የመቀነስ ምልክት የማተሚያ ስሕተት አይደለም። ይህ መለኪያ ዜሮን የሚፈላ ውኃ ላይ አድርጎ ቅዝቃዜ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ ይቆጥራል። ምልክቱን ጥለው ካሰሉ ክረምቱ በጋ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ መለኪያውን ይለዩ

ትልቁ ወጥመድ «አር» የምትባለው የላቲን ፊደል ናት። ሬኦሙር፣ ሮመርና ራንኪን ሦስቱም በዚህችው ፊደል ይጀምራሉ፤ ሦስቱም በእርሷ ብቻ ተጽፈው ይገኛሉ። ለመለየት በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ቁጥሩ በመቶዎች ከሆነና ጽሑፉ ስለ እንፋሎት ሞተር ወይም ስለ ሌላ የምህንድስና ሥራ ከሆነ ራንኪን አድርገው ይያዙት። ይህ መለኪያ የቀረበው በ1859 ስለሆነ ከዚያ በፊት በተጻፈ ሰነድ ላይ ሊሆን አይችልም።
2. ቁጥሩ ከ80 በታች ከሆነና ጽሑፉ ከ1730 በኋላ በፈረንሳይ፣ በጀርመን አገሮች ወይም በሩሲያ የተጻፈ ከሆነ ሬኦሙር የመሆን ዕድሉ እጅግ ሰፊ ነው። ፈረንሳይ በ1790ዎቹ ወደ መቶ ዲግሪው መለኪያ ስትዞር ሩሲያ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁሉ በሬኦሙር መጠቀሟን አልተወችም።
3. ጽሑፉ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዴንማርክ ከሆነና በረዶ ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ላይ እንደሚቀልጥ የሚያሳይ ፍንጭ ካለው ሮመርን ያስቡ።

በክረምት ከ150 በላይ የሆነ ቁጥር ካገኙ፣ በተለይም ምንጩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያ ከሆነ፣ ዴሊል ነው። ስዊድን ውስጥ በ1740ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ «ሴልሺየስ» ካጋጠመዎት ደግሞ ቆም ይበሉ፤ አንደርስ ሴልሺየስ በ1742 ያቀረበው መለኪያ የተገለበጠ ነበር፤ 0 የሚፈላ ውኃ፣ 100 የሚቀልጥ በረዶ። የተገለበጠው ወደ ዛሬው መልኩ የተመለሰው እርሱ በ1744 ከሞተ በኋላ ነው። የበጋ ቀን 80፣ የክረምት ቀን 105 ተብሎ ከተመዘገበ ቁጥሩን ከ100 ይቀንሱ፤ የሚያገኙት 20 እና −5 የዛሬው ሴልሺየስ ነው።

መለኪያው ካልታወቀስ? ቁጥሩን በየአማራጩ ይለውጡና የትኛው ከዐውዱ ጋር እንደሚስማማ ይመልከቱ። ነገር ግን ይህ ዘዴ የማይረዳበት አንድ ክልል አለ። ሬኦሙርና ፋራናይት −25.6 ላይ ይገናኛሉ፤ የሁለቱም −25.6 ከ−32 ሴልሺየስ ጋር እኩል ነው። ከላይ የጠቀስነው የ25 ዲግሪ ብርድ እዚሁ አካባቢ ይወድቃል፦ ሬኦሙር ከሆነ −31.25፣ ፋራናይት ከሆነ −31.7 ሴልሺየስ። ለዚያች ሌሊት የትኛውንም ቢመርጡ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ተመሳሳዩ ደራሲ በበጋ «25 ዲግሪ» ሲል ግን በሬኦሙር 31.25 ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ደግሞ ከበረዶ በታች 3.9 ይሆናል። ስለዚህ መለኪያን በአንድ የክረምት ንባብ ብቻ አይወስኑ፤ ከዚያው ጽሑፍ የበጋ ንባብ ፈልገው ያመሳክሩ።

ደረጃ 2፦ ንባብ ነው ወይስ ልዩነት?

«ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሆነ» እና «ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ወረደ» በተለያየ መንገድ ይሰላሉ። የመጀመሪያው ንባብ ነው፤ የበረዶ ነጥቡ ይገባበታል። ሁለተኛው ልዩነት ነው፤ የሚቀየረው በስፋቶቹ ምጥጥን ብቻ ሲሆን የሚደመርም የሚቀነስም የበረዶ ነጥብ የለውም።

በሬኦሙር በ10 ዲግሪ መውረድ ማለት በፋራናይት በ10 × 180 ÷ 80፣ ማለትም በ22.5 ዲግሪ መውረድ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ደብዳቤ ስተረጉም ከልማድ 32ን ደምሬ «በ54.5 ዲግሪ ወረደ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ጸሐፊው ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ለብሶ ሲሄድ ማታ ከነሕይወቱ እንዴት እንደተመለሰ የጠየቀኝ አራሚዬ ነው። «በ» የምትለዋን ፊደል ሲያዩ እጅዎን ከ32 ላይ ያንሡ።

ደረጃ 3፦ አራቱ የስሌት እርምጃዎች

ለእያንዳንዱ ጥንድ መለኪያ የተለየ ቀመር መሸምደድ አያስፈልግም፤ እንዲያውም የተሸመደደ ቀመር ሬኦሙርን ወደ ፋራናይት የሚወስደውን 9/4 ወደ ሴልሺየስ ከሚወስደው 5/4 ጋር ለማምታታት ይጋብዛል። በሠንጠረዡ ላይ ካሉት ስምንት መለኪያዎች ከየትኛውም ወደ የትኛውም ለመሄድ ይህ በቂ ነው።

1. ከንባቡ ላይ የራሱን መለኪያ የበረዶ ነጥብ ይቀንሱ።
2. ውጤቱን ለራሱ መለኪያ ስፋት ያካፍሉ። የሚያገኙት ቁጥር ንባቡ ከበረዶ እስከ ፍላት ባለው መንገድ ላይ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ድርሻ ነው።
3. ድርሻውን በሚፈልጉት መለኪያ ስፋት ያባዙ።
4. የሚፈልጉትን መለኪያ የበረዶ ነጥብ ይደምሩ።

ምሳሌ አንድ፣ 180 ዴሊል ወደ ፋራናይት። 180 − 150 = 30። 30 ÷ (−150) = −0.2። −0.2 × 180 = −36። −36 + 32 = −4። ስለዚህ 180 ዴሊል −4 ፋራናይት ነው፤ በሴልሺየስ ደግሞ ያው −0.2 በ100 ተባዝቶ −20 ይሆናል። ድርሻው አንዴ ከተገኘ ወደ ሁሉም መለኪያ ይወስዳል፤ ሁለተኛውን እርምጃ ለይተው እንዲጽፉ የምመክረውም ለዚህ ነው።

ምሳሌ ሁለት፣ 540 ራንኪን ወደ ሴልሺየስ። 540 − 491.67 = 48.33። በ180 ሲካፈል 0.2685። በ100 ሲባዛ 26.85። የሚደመረው 0 ስለሆነ መልሱ 26.85 ነው።

ምሳሌ ሦስት የእውነተኛ ሰነድ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ዮሴፍ ሚናር በ1869 የናፖሊዮንን ጦር የ1812 የሩሲያ ዘመቻ ባሳየበት ሥዕላዊ ካርታ ግርጌ ላይ የመልስ ጉዞው ብርድ በመስመር ተሥሏል፤ ዝቅተኛው ነጥብ ዲሴምበር 6 ቀን −30 ነው። ካርታው ራሱ ዲግሪዎቹ የሬኦሙር እንደሆኑ ይናገራል፤ ሆኖም ብዙ ሰው ቁጥሩን እንደ ሴልሺየስ አንብቦ ያልፈዋል። ስሌቱ፦ −30 − 0 = −30። −30 ÷ 80 = −0.375። በ100 ሲባዛ −37.5 ሴልሺየስ። ወደ ፋራናይት ከፈለጉ −0.375 × 180 = −67.5፤ 32 ሲደመር −35.5። ሰባት ዲግሪ ተኩል ብርድ በንባብ ስሕተት ብቻ ሊጠፋ ነበር።

ጥንቃቄ፦ ንባቡ አሉታዊ ሲሆን በካልኩሌተር ላይ ቅንፍ ይጠቀሙ። ከዜሮ በታች ያለን የሮመር ንባብ ሲያሰሉ የመጀመሪያው እርምጃ ቁጥሩን ከዜሮ ይበልጥ ያርቀዋል፤ −6 − 7.5 የሚሰጠው −13.5 እንጂ 1.5 ወይም −1.5 አይደለም።

ደረጃ 4፦ ውጤቱን ያጣሩ

ሁለት ማጣሪያዎችን ያድርጉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የመጀመሪያው የስሌት ማጣሪያ ነው። የሚከተለውን መስመር በማስታወሻዎ ላይ ያኑሩ፦ 20 ሴልሺየስ = 68 ፋራናይት = 16 ሬኦሙር = 18 ሮመር = 120 ዴሊል = 6.6 ኒውተን። በካልኩሌተር ወይም በኤክሴል ያዘጋጁት ቀመር ይህን መስመር ካልሰጠ ቀመሩ ተበላሽቷል። አንድ መስመር ብቻ ግን ድንገት ሊገጥም ስለሚችል −40 ሴልሺየስንም ይሞክሩ፤ −40 ፋራናይት፣ −32 ሬኦሙር፣ −13.5 ሮመር፣ 210 ዴሊል፣ −13.2 ኒውተን መስጠት አለበት።

ሁለተኛው የተፈጥሮ ማጣሪያ ነው። ሜርኩሪ በ−38.83 ሴልሺየስ ይረጋል፤ ይህም −31.1 ሬኦሙር ወይም 208.2 ዴሊል ነው። ከዚያ በታች የሜርኩሪ ቴርሞሜትር የሚያሳየው ቁጥር የሙቀት ንባብ መሆኑ ይቀራል፤ ሜርኩሪው ሲረጋ ስለሚኮማተር ዓምዱ ያለ ልክ ወደ ታች ይወርዳል። በ1730ዎቹ በሳይቤሪያ የተዘዋወረው ዮሐን ጆርጅ ግሜሊን የመዘገባቸው የማይታመኑ ብርዶች ከዚህ የመጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያገኙ አይለውጡት፤ «ሜርኩሪው ከረጋ በኋላ የተወሰደ፣ ከ−39 ሴልሺየስ የማይበልጥ» ብለው ይጻፉ። የሚናር −30 ከዚህ ወሰን አንድ ዲግሪ ብቻ እንደሚርቅ ልብ ይበሉ።

ደረጃ 5፦ ያጠጋጉ፣ ግን በመጨረሻ

መካከለኛ ቁጥሮችን አያጠጋጉ። ሮመርን ወደ ሴልሺየስ ለመለወጥ የሚያገለግለው 40/21 ምጥጥን (100 ÷ 52.5) 1.904762 ነው፤ «1.9 ይበቃል» ያለ ሰው ውኃን በ99.75 ሴልሺየስ ያፈላል። የኒውተኑ 100/33 ወደ 3 ከተጠጋጋ ደግሞ ውኃው በ99 ይፈላል።

መጨረሻ ላይ ግን ምንጩ ከሚያውቀው በላይ አይጻፉ። ጸሐፊው በሙሉ ዲግሪ ብቻ ከመዘገበ ንባቡ ግማሽ ዲግሪ ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ዲግሪ ሬኦሙር ደግሞ 0.6 ሴልሺየስ ያህል ነው። 17 ሬኦሙር ስሌቱ 21.25 ቢሰጥም «21 ገደማ» ብለው ይጻፉ።

ቀመር የማይሠራባቸው ቦታዎች

የቆየ የአልኮል ሬኦሙር። ሬኦሙር ራሱ የሠራው ቴርሞሜትር በአልኮል የተሞላ ነበር፤ የ80 ቁጥር መነሻውም 1000 እጅ አልኮል ወደ 1080 እጅ መስፋቱ ነው። አልኮል በየዲግሪው እኩል አይሰፋም። 80ን በትክክል የሚፈላ ውኃ ላይ ያደረገው የሜርኩሪ ሬኦሙር የተለመደው ከዚያ በኋላ፣ በተለይ በዣን አንድሬ ደሉክ ሥራ ነው። ስለዚህ በ1730ዎቹና በ1740ዎቹ የተወሰደ የፈረንሳይ ንባብ በሠንጠረዡ ሲለወጥ ከጎኑ «በግምት» ይጨመርበት፤ በተለይ ንባቡ ከበረዶ ነጥብ ርቆ ወደ ላይ ከሆነ።

ኒውተን። የ1701 ዝርዝሩ ውኃ የሚፈላበትን በ33 እና በ34 መካከል ያስቀምጠዋል፤ በሠንጠረዡ ላይ ያለው 33 ለስሌት ሲባል የተመረጠ ነው። የሰው ገላ ሙቀት የሆነው 12 በ33 ሲሰላ 36.4 ሴልሺየስ፣ በ34 ሲሰላ 35.3 ይሰጣል። አንድ ዲግሪ ያህል ልዩነት ከመለኪያው ከራሱ ስለሚመጣ ኒውተንን በዐሥረኛ አይጻፉ።

ዌጅዉድ። ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ባለሙሉ ቀመር ነው። ጆሳያ ዌጅዉድ በ1782 የእቶንን ሙቀት በሸክላ መኮማተር ለመለካት ያወጣው መለኪያ ዜሮውን 1077.5 ፋራናይት፣ እያንዳንዱን ዲግሪ 130 ፋራናይት አድርጎ አስቀመጠ። በእርሱ ዝርዝር መዳብ በ27 ዲግሪ ይቀልጣል። በቀመሩ 27 × 130 + 1077.5 = 4587.5 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 2530 ሴልሺየስ ይሆናል፤ መዳብ ግን በ1085 ሴልሺየስ ይቀልጣል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የመለኪያው መነሻ ነው። የዌጅዉድ ቁጥር ሲያገኙ በቀመሩ አይለውጡ፤ የቀለጠው ነገር ከተጠቀሰ የዚያን ነገር የታወቀ መቅለጫ ይውሰዱ፣ ካልተጠቀሰ ቁጥሩን እንዳለ ይተዉት።

ስሕተት ሲያጋጥም

በጋው ቀዝቅዞ ክረምቱ ከሞቀ፦ የተገለበጠ መለኪያን እንደ ተራ ቆጥረዋል። ዴሊል ወይም የ1742ቱ ሴልሺየስ እንደሆነ ያጣሩና ከደረጃ 1 ይጀምሩ።

ሁሉም ውጤት በአንድ ዓይነት መጠን ካፈነገጠ፦ የበረዶ ነጥቡ ተረስቷል ወይም ሁለት ጊዜ ገብቷል። እርምጃ 1 እና 4ን ይዩ።

ስሕተቱ ከበረዶ በራቀ ቁጥር የሚያድግ ከሆነ፦ የስፋት ስሕተት ነው። ብዙውን ጊዜ ሬኦሙር እንደ ሴልሺየስ ተነቧል፤ ውጤትዎን በ1.25 አባዝተው ይሞክሩ።

ንባቡ ትክክል ሆኖ ከሌላ ምንጭ ጋር አልገጥም ካለ፦ ቀኑን ይመልከቱ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያውያን የሚጽፉት በጁሊያን አቆጣጠር ስለነበር ቀናቸው ከጎርጎርዮሱ በ12 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ምንጮች «ኖቬምበር 24» እና «ዲሴምበር 6» እያሉ ስለ አንዲት ሌሊት ብርድ ሊናገሩ ይችላሉ፤ ስሌቱን ከማፍረስዎ በፊት ቀኖቹን ያስተካክሉ።

ስሌቱ ተጣርቶ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ቁጥር አይሰርዙ። በጽሑፉ ውስጥ ዋናውን አስቀድመው፣ የተለወጠውን በቅንፍ ያስከትሉ፦ «ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሬኦሙር (−37.5 ሴልሺየስ)»። መለኪያውን የለዩት በግምት ከሆነም ግምት መሆኑን እዚያው ቅንፍ ውስጥ ይጻፉ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው አንባቢ ቁጥሩን እንደገና ማስላት ሲፈልግ የሚነሣው ከዚያ ነው።